በርዶኛል ያለው ማን ነበር

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ለማጣፈጥ ብዬ አይደለም፣ የሚያውቁኝ ያውቁታል፣ ጉባኤ መሐል አንዱ ተነሥቶ «ጌታ እንዲህ ይላል» ባለ ቁጥር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማዳምጠው መልእክቱን ሳይሆን አማርኛውን ነበር፣ ጌታ ለምን ሁልጊዜ እንደ ዜና አንባቢ እንደሚናገር፣ ለምን አንድ ቀን እንኳ እንደ ጂንካ ሰው እንደማያወራ ይገርመኝ ነበር። ጓደኛዬ ዮናስ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ «ትንቢት ከሐዋርያት ጋር አብቅቷል፣ መጽሐፉ ሞልቶ ተዘግቷል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው የሰው ሆድ ነው» ይላል፣ እኔም እስማማ ነበር፣ ልዩነታችን እሱ አንብቦ የደረሰበት ላይ እኔ ሳላነብ መድረሴ ብቻ ነው።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው፣ ከገበያው አንሥቶ እስከ ድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ድረስ ካሉት የሱቅና የምግብ ቤት ስሞች ብዙዎቹ የእኔ እጅ ናቸው፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ማንም ያላስተማረኝን ግጥም እጽፋለሁ፣ እሑድ እሑድ ግን አስተርጓሚ ነበርኩ። እናታችን አሪ ነበረች፣ አባታችን ከወላይታ ለግንበኝነት የመጣ ሰው ነበር፣ ሁለቱም ቶሎ ሞቱብን፣ እኔን አያቴ አሪዎቹ አገር ገዘር ወስዳ በአሪኛ አሳደገችኝ፣ ታላቅ እኅቴን ምሕረትን አክስታችን ሶዶ ወሰደቻት፣ ስለዚህ ምሕረት ትልቅ ሆና ጂንካ ስትመጣ ከአሪኛ የምታውቀው ሰላምታና «ስንት ነው»ን ብቻ ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም ስለምናገር ሰባኪው በአማርኛ ሲሰብክ ለሽማግሌዎቹ በአሪኛ፣ ከገጠር የመጡት ሲመሰክሩ ለከተሜው በአማርኛ አደርሳለሁ።

ታዲያ አስተርጓሚ አንድ ሕግ አለው፣ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋል፤ አስተርጓሚ የራሱ አፍ የለውም። ሰባኪው «እኔ ታምሜ ነበር» ካለ አስተርጓሚውም «እኔ ታምሜ ነበር» ይላል እንጂ «እሱ ታሞ ነበር» አይልም። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ያስቸግረኝ ነበር፣ አንዴ መጋቢያችን ስለ ትዳር ሲያስተምር እኔ በዚያ በቀጭን ድምፄ «የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ» ብዬ ሳስተላልፍ አሮጊቶቹ በሳቅ ሞቱ፣ የመጋቢው ባለቤት ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ሳቀች። ከለመዱት በኋላ ግን የገዛ ራስን «እኔ» ከበር ውጭ አስቀምጦ መግባት ነው፣ ደስም ይላል፣ ግጥም ከመጻፍ ብዙ አይርቅም።

አሁን ስለ ታደለ ልንገራችሁ። ታደለ የምሕረት ባል ነው፣ አይሱዙ ላይ ረዳት ነበር፣ ከጂንካ ሃና የምትባለው ከተማ እየተመላለሰ ሲሚንቶም እህልም ያደርሳል፣ ረጅም ነው፣ ቤት ሲገባ ጎንበስ ካላለ ጉበኑ ይመታዋል፣ ቀልዱ አያልቅም። የእኔ ጫማ ከፊቱ ተከፍቶ ነበር፣ ሶሉ ስራመድ ከፈት ዘጋ ይላል፣ ታደለ ባየኝ ቁጥር «ሰላም፣ ጫማው ግጥም የሚያነበው ሰውዬ» ይለኛል፣ «ዛሬ ስለ ምንድነው የሚያነበው? ስለ ፍቅር ነው ስለ ጭቃ?» እሱ ራሱ ለሥራ ኮንጎ ጫማ ነው የሚያደርገው፣ ለእሑድ ብቻ የሚያወጣው ጥቁር የቆዳ ጫማ ነበረው፣ ቅዳሜ ማታ ማታ እንደ ሕፃን ታቅፎ ያብሰዋል።

በበልግ ዝናብ መሐል ከሃና ሲመለሱ ጠዋት ደረቅ የነበረ ወንዝ ከሰዓት ሞልቶ ጠበቃቸው፣ ሾፌሩ ይሻገራል ብሎ ገባ፣ ውሃው መኪናውን ከጎን ገፍቶ ወሰደው። የሾፌሩን ሬሳ በማግሥቱ አገኙት። ታደለን አላገኙትም። ከሃናም ከጂንካም ወጣቶች ወጥተው ወንዙን ተከትለው ወረዱ፣ ውሃው ጎድሎ አሸዋው እስኪታይ ፈለጉ፣ አንድ ኮንጎ ጫማ እንኳ አልተገኘም።

እንግዲህ ሬሳ ከሌለ ለቅሶ መቼ ይጀመራል? እኛ ዘንድ ድንኳን ተጥሎ፣ ጎረቤት ቆሎና ውሃ ይዞ መጥቶ፣ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ካላለቀሰ ሐዘን ሐዘን አይሆንም፣ መሐል ላይ ይቀራል። የታደለ አባት አባባ ዱባለ ከወላይታ መጥተው ድንኳን ይጣል አሉ፣ ዘመድም አለ፣ ምሕረት ግን እምቢ አለች፣ እምቢ ያለችበት ምክንያት ደግሞ ትንቢት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር፣ በዚያው ሰሞን ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ወጣት ነቢይ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርጎ ነበር፣ በዕድሜ ከእኔ አይበልጥም፣ ሱፉን ገና የሱቁ እጥፋት አልለቀቀውም፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ምሕረትን ጠቁሞ «እኅቴ፣ ባልሽን አየዋለሁ፣ ቆሟል፣ በቤትሽ በር ሲገባ አየዋለሁ» አላት። ሕዝቡ እልል አለ። እሷ በስልኳ ቀድታው ነበር፣ እንደምታውቁት አሁን ትንቢት በስልክ ነው የሚቀዳው፣ ቀኑን ሙሉ ከፍታ ትሰማዋለች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ «በር ሲገባ አየዋለሁ፣ በር ሲገባ አየዋለሁ።» ከዚያን ቀን ወዲያ በሩን መዝጋት ተወች። ወንበር አምጥታ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠች፣ እሱ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች፣ የእሑድ ጫማውን ደግሞ አብሳ ከበሩ አጠገብ አኖረችው። ሌሊትም በሩ ገርበብ እንዳለ ነው የሚያድረው፣ ብርዱ ይገባል፣ ሳል ያዛት፣ ከሳች።

«ምሕርዬ፣ ቢያንስ ስትተኚ ዝጊው» እላታለሁ።

«ሲመጣ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?»

«ያንኳኳላ፣ እጅ የለውም እንዴ?»

«ከዚያ ሁሉ መንገድ መጥቶ በገዛ ቤቱ ያንኳኳ?»

ምን ትላታላችሁ?  አባባ ዱባለ አንድ ቀን መጋቢው ፊት አለቀሱ፣ «ልጄ ከሞተ ላልቅስለት፣ ካለ ልፈልገው፣ ይህ መሐል ላይ ያለው ነገር ገደለኝ» አሉ። መጋቢው ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ትንቢት የለም አይልም፣ ግን ይመዘናል ይላል፣ አንዱ ሲናገር ሌሎች ይለዩ ባይ ነው። «እማማ ሊያን እናምጣቸው» አለ። እማማ ሊያ ከጂንካ ወጣ ብሎ ከልጅ ልጃቸው ከብርቱካን ጋር የሚኖሩ የአሪ አሮጊት ናቸው፣ ስጦታ አላቸው ይባላል፣ ግን መድረክ ወጥተው አያውቁም፣ ማይክ ይዘው አያውቁም፣ ሲናገሩም ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ሰው የማይወደውን ነው፣ ለዚህ ይመስለኛል ብዙ የማይጠሩት። አማርኛ አይችሉም። ስለዚህ እኔ ተፈለግሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ገና ብርሃን ነበር። ምሕረት ቤት ውስጥ ስድስት ሰዎች ነን፤ ምሕረት፣ አባባ ዱባለ፣ መጋቢው፣ እማማ ሊያ፣ ብርቱካንና እኔ። በሩ እንደተለመደው ክፍት ነው። ምሕረት ስልኳን መቅጃው ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መጋቢው ጸሎት ሲጀምር ዝናቡም ጀመረ፣ ቆርቆሮው ላይ መጀመሪያ ጠጠር እንደሚበትን ሰው፣ ከዚያ ጠጠሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚደፋ ሰው።

እማማ ሊያ አንድ ልማድ ነበራቸው፣ ከዚህ በፊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ስለተረጎምኩላቸው አውቀዋለሁ፣ የአስተርጓሚውን እጅ አንጓ ይይዛሉ፣ ሲናገሩ ይጨብጡታል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ላላ ያደርጉታል፣ ያን ጊዜ አንተ ትናገራለህ። ያን ቀንም ያዙኝ። ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን።

ከሁሉ በፊት የሰማሁት የጭቃውን ድምፅ ነው። ጂንካ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት በር ላይ ባለችው ድንጋይ ጫማውን ይፍቃል፣ ቀዩ ጭቃ እንደ ሊጥ ነው የሚይዘው፣ ያ ድምፅ ተሰማኝ፣ ሸርርር፣ ቀኙን ረዘም አድርጎ፣ ግራውን ቸኮል አድርጎ። ጎረቤት መጣ ብዬ አሰብኩ። የሚገባ ሰው ግን የለም። ከዚያ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ፣ ከጣሪያ አይደለም፣ ከጣሪያ የሚወርደውን አውቀዋለሁ፣ ይህ ወደ ውስጥ የቀረበ ነው፣ የራሰ ልብስ ለብሶ የቆመ ሰው አጠገብ እንደሚሰማው። ዓይኔን ልግለጥ ብዬ ሳስብ እማማ ሊያ አንጓዬን ጨበጡት፣ ድምፅም ሰማሁ፣ ዝቅ ያለ፣ በአሪኛ፣ ዝናቡ ስላለ ከወትሮው ጎርነን ብሎ የተሰማኝ ነው የመሰለኝ። እመኑኝ፣ ያን ጊዜ ምንም አልጠረጠርኩም፣ ሥራዬን ነበር የምሠራው። አንጓዬ ላላ አለ። ተናገርኩ።

«ብዙ ተቀመጥሽ» አልኩ፣ «ወንበሩን ከበሩ አንሺው።»

ማንም አሜን አላለም። እንደገና ጨበጡኝ፣ እንደገና ድምፁ፣ እንደገና ላላ አለ።

«አባቴን ድንኳኑን አትከልክዪው።»

አባባ ዱባለ ትንፋሻቸው ሲቆረጥ ሰማሁ። እኔ ግን ቆሜ አላሰብኩም፣ አስተርጓሚ መሐል ላይ ካሰበ ይጠፋበታል፣ የሚቀጥለውን ጠበቅሁ።

«ጫማዬን ጫማው ግጥም ለሚያነበው ስጪው።»

አንጓዬ ተጨብጦ ላላ ሲል ቀጠልኩ።

«ስሙ ያልነው ይሁን።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፣ የማን ስም፣ ማን ያለው፣ እንዲሁ እንደሰማሁት አደረስኩት፣ ምሕረት ባለችበት በኩል ግን አንድ ነገር መሬት ላይ ወደቀ፣ በኋላ ሳይ በእጇ ይዛው የነበረ በመሐረብ የተቋጠረ ቁልፍ ነው። ከዚያ ዝናብ ብቻ ነበር፣ ያም ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ። የመጨረሻው መጨበጥ ያማል። ድምፁ በጣም ቀስ ብሎ ነበር።

«በሩን ዝጊው» አልኩ፣ «በርዶኛል።»

ዓይኔን ስገልጥ ምሕረት ተነሥታለች። ወንበሩን አነሣችው፣ ጫማውን ወደ ውስጥ ሳበችው፣ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው፣ መወርወሪያውን ወረወረችው። ከዚያ በሩ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰችውን አለቀሰች፣ አባባ ዱባለም «ልጄ፣ ልጄ» እያሉ በወላይትኛ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ እንደ ሞኝ ቆሜ ነበር። ብርቱካን ክንዴን ነካችኝ፣ ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማንን ነው የምትተረጉመው?» አለችኝ በአሪኛ።

«እንዴት ማንን ነው? እማማን ነዋ።»

«እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ብዬ እያየኋቸው ነበር። ወስዷቸዋል። አፋቸው አልተንቀሳቀሰም።»

እማማ ሊያ በዚያ ሁሉ ልቅሶ መሐል ዓይናቸውን ገለጡ፣ እጄን ገና እንደያዙ ነበር፣ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አልጀመርንም እንዴ?» አሉኝ።

በማግሥቱ ድንኳኑ ተጣለ። ሰው መጣ፣ ከገዘር የመጡ ነበሩ፣ ከሃና የሾፌሩ ወንድም መጣ፣ ጎረቤት በየተራ ምግብ አመጣ፣ ምሕረት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች፣ አባባ ዱባለ ልጃቸውን እንደሚገባው አለቀሱለት። ሰው ሁሉ «ትንቢቱ አሳረፋት» አለ። እኔም ያን ቢሉ ደስ ባለኝ። ግን መጋቢው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝ፣ ከብርቱካን ሰምቷል።

«የሰማኸውን ነው የተናገርከው?»

«የሰማሁትን ነው።»

«ከእሳቸው አፍ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ መጋቢ።»

ጭቃውን በጫማው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገ። «ስማ» አለኝ፣ «ትንቢት ከሆነ ‹እኔ› የሚለው እግዚአብሔር ነው። እግዚአብሔር ደግሞ አይበርደውም። አባት የለውም፣ ጫማ የለውም። ታደለ ነው ካልን የሞተ ሰው ጠየቅን ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ክልክል ነው። ከራስህ ነው ካልን…» አልጨረሰውም።

«ከራሴ ከሆነስ?»

«ከራስህ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ልጄ። ለእኅትህ አዝነህ ነው እንል ነበር።» ከዚያ ለጊዜው መተርጎሙን እንድተው ነገረኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ እንዲያውም ትከሻዬን ይዞ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ሌላ ልጅ ነው የሚተረጉመው፣ ጎበዝ ነው፣ አንዳንዴ ይዘላል።

እኔም እንደ እናንተ አስቤዋለሁ። ጫማው ግጥም የሚያነበው የሚለውን አውቀዋለሁ፣ ወንበሩንም በሩንም አውቀዋለሁ፣ እኅቴ በብርድ እንዳትሞትብኝ ፈልጌ ነበር፣ ግጥምም አንዳንዴ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ይመጣል፣ ሆዴ አሪኛ ተናግሮ አፌ አማርኛ አድርጎት ይሆናል። እንዲህ ብዬ ትንሽ ሰሞን ተኛሁ። ከዚያ የምሕረት ሆድ መታየት ጀመረ።

እርጉዝ መሆኗን ማንም አያውቅም ነበር፣ እኔም አባባ ዱባለም መጋቢውም። ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የነገረችው፣ ታደለ ከሃና ሊነሣ ሲል ኔትወርክ አግኝቶ በደወለ ጊዜ፣ በስልክ፣ እየሳቁ ስም ተስማምተው ነበር። ይህን የነገረችኝ ቀን ልብስ እያሰጣች ነበር፣ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትዋሸኝም» አለች።

«ጠይቂኝ።»

«ተርጉመኸው ነው ወይስ ጽፈኸው?»

«ተርጉሜው ነው።»

«ከማን?»

 የታደለን ሸሚዝ ነበር የምታሰጣው፣ እጅጌውን ዘርግታ ቆነጠጠችው፣ ሌላ አልጠየቀችኝም።

ከምሕረት ስልክ የወሰድኩትን ቅጂ ለዮናስ አሰማሁት፣ እሱ ይስቅብኛል፣ እኔም ይቀለኛል ብዬ። በጆሮ ማዳመጫ ሰማው። ቅጂው ላይ የእኔ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ «ብዙ ተቀመጥሽ» ይላል፣ ከዚያ ዝናብ፣ «አባቴን» ይላል፣ ከዚያ ዝናብ፣ በየመሐሉ ያለው ክፍተት ልክ አንድ ሰው በአሪኛ የሚናገርበትን ያህል ነው፣ ለረጅሙ ረጅም፣ ለአጭሩ አጭር። መጀመሪያ ላይ ያ የጭቃ ድምፅ አለ፣ እሱ ግልጽ ነው። ዮናስ ደግሞ ደጋግሞ ሰማውና ማዳመጫውን አወጣ።

«ክፍተቱ ውስጥ ትንፋሽህን ይዘሃል» አለኝ። «የሚያዳምጥ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«ታዲያ አብቅቷል ትል አልነበር?»

«አብቅቷል ያልኩት ትንቢት ነው» አለ። «ይህ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛ አታሰማኝ።»

ልጁ ተወልዷል፣ ወንድ ነው፣ ስሙ ያሉት ስም ነው፣ እዚህ ግን አልጽፈውም። ጫማው እኔ ጋ ነው፣ ይሰፋኛል፣ ካልሲ ደርቤ አደርገዋለሁ፣ ሰው ሲያየኝ «ተለወጥክ» ይለኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ። በሩም ይዘጋል፣ ምሕረት አታስልም፣ ወፍራለች፣ ይህን ሁሉ መልካም ነው ማለት እችላለሁ።

ነገር ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትደውላለች። ትናንትም ደወለች፣ ታፔላ እየጻፍኩ ነበር፣ ቀለሙ እንዳይታጠብ ላስቲክ አልብሼ ተጠልያለሁ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፣ ልጁ ተኝቶ ይመስለኛል።

«መጣ» አለችኝ። «ጭቃውን እየፋቀ ነው። አያንኳኳም። ያኛው ነቢይ በበሩ ሲገባ አየዋለሁ ብሎ ነበር፣ አንተ ደግሞ ዝጊው አልከኝ። የማናችሁን ልስማ?»

«ምሕርዬ፣ ዝናብ ነው» አልኳት።

«ልክፈትለት?»

ስልኩ ውስጥ የእሷ ቆርቆሮ ይሰማኛል፣ ያ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃም። ከዚያ አንጓዬ ላይ ብርድ ተሰማኝ፣ እንደ ጣት። ዝምታው ርዝመቱን አውቀዋለሁ፣ አንድ ሰው ጥቂት ቃል በቀስታ የሚናገርበት ያህል ነው፣ አሁን ያልቃል፣ አሁን ላላ ይላል፣ አፌም ሳላዘው መከፈት ጀመረ። በሌላኛው እጄ አፌን ገጥሜ ያዝኩት። እሷ ገና መልሴን እየጠበቀች ነበር።